የቅዳሜው እድምተኞች

ጎረቤቴ መጽሐፍ ሻጩ በየወሩ የንባብ ፕሮግራም በሩ ላይ ይለጥፋል፤ አንባቢውም አድማጩም ራሱ ነው።

«ጋሼ፣ የፊታችን ቅዳሜም ሰው ካልመጣ ሱቁን እዘጋዋለሁ» አለኝ፤ ሃምሳ ወንበር እንዳውሰው ሲለምነኝ።

«ለራስህ ሃምሳ ወንበር ምን ያደርግልሃል?» እያልኩ ብቀልድበትም የእድራችንን ወንበር ከነድንኳኑ አዋስኩት።

ቅዳሜ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። ሁሉም ጸጥ ብሎ፣ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ።

«አዩ ጋሼ!» አለኝ፤ ፊቱ ለደስታው አልበቃ ብሎት። የፍቅር ግጥሙን ሲያነብላቸው ሴቶቹ እንባቸውን ጠረጉ።

ሲጨርስ እማማ የሺመቤት ተነስተው እጁን ያዙት።

«ድንኳኑን አይተን ነው የሮጥነው። ማን ሞተብህ ልጄ? እግዜር ያጽናህ።»

እሱም «አሜን» አለና የመጪውን ወር ፕሮግራም ከበሩ ላይ ላጠው።