እንቅፋት ያለበት አለ?

ሴትዮዋ የቡድን አለቃ ናት፤ ቡድኗን የምትመራው ግን አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነው። ጠዋት ጠዋት ሠራተኞቿ ከየቤታቸው በኮምፒውተር ይሰበሰቡና በየተራ ይናገራሉ፦ ትናንት ምን ሠራሁ፣ ዛሬ ምን እሠራለሁ፣ እንቅፋቴ ምንድን ነው። እንቅፋት ማንሳት የእሷ ድርሻ ነው፤ በዚህማ ማን ይችላታል!

ሰኞ ዕለት ምስል የሌለው አንድ ድምፅ ተጨመረ። «ትናንት መንገዱን ጨረስኩ። ዛሬ ግቢ እገባለሁ። እንቅፋቴ ውሻው ነው።»

ሁሉም በሳቅ ፈነዱ። ሴትዮዋ የቡድኑን ቀልደኛ ጠረጠረች። «በቃ ተነስቶልሃል፣ ግባ!» አለችው።

ማክሰኞ ድምፁ ተመለሰ። «ትናንት ግቢ ገባሁ። ዛሬ ቤት እገባለሁ። እንቅፋቴ በሩ ነው፤ ከውስጥ ተቆልፏል።»

ውሻዋ ከትናንት ጀምሮ እንዳልጮኸ ያን ጊዜ ትዝ አላት።

«አንተ ቀልደኛ፣ በፈጠረህ ተው!»

«እኔ ትንፍሽ አላልኩም፣ እትዬ» አለ ቀልደኛው፣ ሁለት እጁን ካሜራው ፊት አንስቶ።

ትንሿ ልጇ ሳሎን ውስጥ ብቻዋን እየተጫወተች ነው። ልትጠራት አፏን ስትከፍት ድምፁ ቀደማት።

«አለቃ፣ እንቅፋቴ ተነሳ።»

ወዲያው ከዚያው ምስል ከሌለው ሰው ማይክሮፎን የልጇ ድምፅ ተሰማ፦

«እማዬ፣ በሩን ከፈትኩለት!»