ጀልባዋ ከሄደች በኋላ

ጀልባዋ ጉም ውስጥ ገብታ ጠፋች፤ ለፊልም ማሳያ በተሰቀለው አቡጀዲ ላይ የቀረው ውሃ የተኛበት ሜዳ ብቻ ነበር። መምህር አንለይ የፈራት ይቺን ቦታ ነበር። የፊልሙ ጃፓናዊ ዳይሬክተር ሰዉ ሁሉ ከሄደ በኋላም ካሜራውን ከባዶው ውሃ ላይ አያነሣም፤ አንለይ ፊልሙን ጎንደር አይቶ ያበደለትም ለዚችው ነበር። የወረታ ሰው ግን አንለይን «ጃፓኑ» እያለ ሲያሾፍበት ከርሟል።

መስኮቶቹ በበሬ ቆዳ በተጋረዱበት የትምህርት ቤቱ ክፍል ውስጥ ሰዉ ይቁነጠነጥ ጀመር። «ምነው፣ ማሽኑ ተበላሸ እንዴ?» አለች ጠላ ሻጯ ማናዬ። ባለማሽኑ ሊያጠፋው እጁን ሲሰድ አንለይ ክንዱን ለቀም አደረገው። «ተው! ገና ነው።» ውሃው ላይ ነፋስ ሽው አለ፤ ሳሩ ተኛ፣ ተነሣ። ልክ ክረምት ላይ ውሃ የሚተኛበት የእነሱው የቁሐር ሚካኤል ሜዳ። ቁንጥንጡ ቀስ በቀስ ረገበ። ያን ጊዜ ከፊት የተቀመጡት የቅኔ መምህር መሪጌታ ወልደ ሥላሴ፣ ደቀ መዝሙር ጥሩ ቅኔ ሲዘርፍላቸው እንደሚያደርጉት ሁሉ፣ በመቋሚያቸው ወለሉን መትተው «ይበል!» አሉ።

«ይበል! ይበል!» ክፍሉ ተናጋ።

መሪጌታ ወደ አንለይ ዞሩ። «ለመሆኑ ይኸ ሰውዬ ቅኔ የተማረው የት ነው? ዋሸራ ቤት ነው ጎንጅ ቤት?»

«የትም አይደለም፣ መሪጌታ» አለ አንለይ። «የራሱን ቤት ነው የከፈተው።»

«በል እንግዲያ፣ ጃፓኑ፣ ድገምልን!» አሉት።

በስሙ ማንም አልሳቀም።