የሽማግሌዎቹ ሾፌር

ከአቶ ወንድይፍራው የቆርቆሮ በር ፊት ለፊት ሲደርሱ የሞተሩን ሙቀት የምታሳየው መርፌ ዘላ ቀዩ ላይ ተለጠፈች። ደበላ ሞተሩን አጠፋው።

«ምነው?» አሉ አጠገቡ የተቀመጡት ጋሽ አምሐ።

«ፈላች፣ ጋሼ።»

«ሌላ ቀን ትፍላ። አውርደንና ሂድ።»

ነገሩ የታሰበው እንደዚያ ነበር። ደበላ ሦስቱን ሽማግሌዎች በሩ ላይ ያወርዳል፤ የሚያስጠይቃት የብርቱካን አባት አቶ ወንድይፍራው ብቅ ከማለታቸው በፊትም ውልቅ ይላል። የራሱን ሽማግሌ ራሱ ጭኖ የልጅቷ ደጅ ድረስ የሚመጣ ሙሽራ ታይቶ አይታወቅም። ግን ምን ይደረግ፣ ዕለቱ እሁድ ነው፣ ቤንዚን በኩፖን ነው፣ የጋሽ አምሐ ጉልበት ደግሞ ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ ወዲህ ያለውን ዳገት አይችልም። የተገኘችው መኪና ደበላ የሚነዳት አሮጌ ውይይት ታክሲ ብቻ ናት። እሷም የሰው ናት፤ ሞተሯ ቢቃጠል ከሥራው ይባረራል፣ ሥራ ለሌለው ደግሞ ማን ልጁን ይሰጣል?

ጀሪካኑን ይዞ ሲወርድ በሩ ተከፈተ። አቶ ወንድይፍራው በፒጃማ ሱሪ ላይ ካፖርት ደርበው ወጡ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ገልባጭ መኪና ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። በሰፈሩ ስማቸውን የሚያስከብር ቁጣ አላቸው ይባላል። ደበላ ፊቱን ወደ ጎማው አዞረ።

ጋሽ አምሐ ኮፍያቸውን አውልቀው ሳምንቱን ሙሉ ያጠኑትን ንግግር ጀመሩ። «እንግዲህ ጌታዬ፣ ዛሬ ከደጅዎ የቆምነው...»

«ይህች መኪና ምን ሆና ነው?» አሉ አቶ ወንድይፍራው።

«ሾፌሩ ያውቅበታል። እኛማ የመጣነው...»

«አንተ፣ ኮፈኑን ክፈተው እስቲ። በጀሪካኑ ምን ልታደርግ ነው?»

«ውሃ ልጨምር ነው፣ ጋሼ። ፈልታለች።»

«ማን ነገረህ?»

«መርፌዋ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው ቀይ የምትለው?»

«ከፋሲካ ወዲህ። አንዳንዴማ ጠዋት ገና ሳስነሳት ቀይ ትላለች።»

«ሌሊቱን ብርድ ላይ ያደረ ሞተር?»

«አዎ።»

«ብርድ ላይ ያደረ ሞተር ፈላ ብለህ ውሃ ትጨምራለህ?»

ደበላ ነገሩን እንዲህ አድርጎ አስቦት አያውቅም። አስቦት ቢሆን ኖሮ በየፌርማታው እየቆመ፣ ከየሻይ ቤቱ ውሃ እየለመነ፣ ተሳፋሪው «ይቺ መኪና ከኛ በላይ ትጠጣለች» እያለ ሲስቅበት ባልከረመ።

አቶ ወንድይፍራው የእጁን አንጓ ያዙና መዳፉን ራዲያተሩ ላይ ለጠፉት። ደበላ ዓይኑን ጨፈነ። ቆይቶ አንዱን ዓይኑን ገለጠ። ራዲያተሩ ለብ ያለ ነው፤ ሕፃን ሊታጠብበት ይችላል።

«በየመንገዱ እያቆምክ ቀዝቃዛ ውሃ ስታጠጣው መቼ ይሙቅ? ግባና ቁልፉን ክፈት። ሞተሩን ግን አታስነሳ። መርፌዋን እያየህ ንገረኝ።»

ደበላ ገባ። አቶ ወንድይፍራው ከሞተሩ ላይ አንዲት ሽቦ ነቀሉ።

«አሁንስ?»

«ወረደች።»

የሽቦዋን ጫፍ ከሞተሩ ብረት ጋር አነካኩ። «አሁንስ?»

«ቀይ።»

ሽቦዋን ከብረቱ አላቀቁ።

«አሁንስ?»

«ወረደች።»

ሽማግሌዎቹ ፀሐይ ላይ ቆመዋል። ጉዳያቸው ሳይሰማ እንዳይቀመጡ ወግ ይከለክላቸዋል፣ ጉዳያቸውን እንዳይናገሩ ደግሞ መኪናዋ።

«መርፌዋም ሽቦዋም ጤነኛ ናቸው» አሉ አቶ ወንድይፍራው፣ ሽቦዋ የተነቀለችባትን አውራ ጣት የምታክል ነሐስ እየነኩ። «ውሸታሟ ይቺ ናት። ሥራዋ የውሃውን ሙቀት ለክታ መናገር ነበር። ውስጧ ተበላሽቷል፤ ቢበርድም ቢሞቅም ፈላ ትላለች።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እንደ ቀበሌያችን ሊቀ መንበር። ሁሉን ነገር ቀይ ካላየች አይሆንላትም።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሰማዩን፣ ሌላው ጫማውን መመርመር ጀመረ።

«እንግዲህ ጌታዬ» አሉ ጋሽ አምሐ ፈጠን ብለው፣ «ከደጅዎ የቆምነው...»

«ትንሽ ቁሙልኝ። ሳልሞክራት አልለቃትም።» አቶ ወንድይፍራው ሽቦዋን እንደተነቀለች ትተው ኮፈኑን ዘጉና የጋሽ አምሐን ወንበር ያዙ። «ንዳ።»

ደበላ ጋሽ አምሐን አየ። ጋሽ አምሐ ደበላን አዩ። ከዚያ ነዳ።

ቁልቁል ሲወርዱ መርፌዋ ታች ተኝታለች።

«ይህችን መኪና አውቃታለሁ» አሉ አቶ ወንድይፍራው፣ መንገዱን እያዩ። «ከሥራ መልስ እዚያ ጥግ ትቆማለች። ሾፌሩ ውሃ ሲጨምር ልጄ ጀሪካኑን ትይዝለታለች። በመስኮት አያለሁ።»

ደበላ መሪውን በሁለት እጁ ያዘ።

«ስምህን ማን አልከኝ?»

አላለም ነበር። «ደበላ።»

«ደበላ» አሉ፣ ስሙን እንደሚቀምሱት ሁሉ ቀስ ብለው። ማዞሪያውን ዞረው ዳገቱን ጀመሩ። ደበላ የሚሰማው የራሱን ልብ ብቻ ነበር። «ማርሽ ቀይር እንጂ ደበላ፤ አትሰማም እንዴ ስትጮህ?»

ሲመለሱ ሽማግሌዎቹ በተዉአቸው ቦታ ቆመው ጠበቋቸው። ደበላ ከመኪናው ወርዶ የት እንደሚቆም ጠፋው፤ ከሽማግሌዎቹ ጋር መቆም አይችልም፣ መሄድም አልተፈቀደለትም። ከአቶ ወንድይፍራው ጎን ቆመ።

ጋሽ አምሐ ኮፍያቸውን እንደገና አወለቁና ከመጀመሪያው ጀመሩ። አቶ ወንድይፍራው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው በአክብሮት አዳመጡ። እያዳመጡም፣ የቤታቸው ልጅ ይመስል፣ ግራሶ የነካውን እጃቸውን በደበላ የእሁድ ኮት እጅጌ ላይ፣ በመዳፍም በጀርባም፣ ጣት በጣት ጠረጉ። ደበላ ክንዱን እንዲመቻቸው ትንሽ ከፍ አደረገው።