የጠያቂ ኬክ

ውፍረት ለመቀነስ ጨጓራዋን በቀዶ ጥገና ካስቀነሰች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። ለሰፈሩ ግን «የሐሞት ጠጠር አስወጣሁ» ነው ያለችው፤ «አፌን መያዝ ቢያቅተኝ ጨጓራዬን አስቆረጥኩ» ተብሎ ለእድር አይነገርማ! የታመመ ሰው ደግሞ በባዶ እጅ አይጠየቅምና ቤቷ የማንጎ ጭማቂና የኬክ መጋዘን ሆነ።

ቅዳሜ ዕለት የእድሩ ሴቶች ባለ ሁለት ኪሎ የክሬም ኬክ ይዘው መጡ። አምና ኩላሊታቸውን ታክመው ከወጡ ወዲህ ከስተው ግማሽ የቀሩት፣ ሰፈሩ «ምስኪን» የሚላቸው እትዬ ተዋበችም አብረው ነበሩ። እሷ ጠያቂዎቿን ለማየት ብትሞክርም ዓይኗ ከኬኩ አልነቀል አላት።

«ትንሽ ቅመሺ፣ በሞቴ!» አሏት እትዬ አስካለ።

በሞቴ ተብሎ እምቢ አይባልም። እሷ እንደሆነ ባህል አክባሪ ናት፤ በተለይ ባህሉ ክሬም ሲኖረው። ሦስት ማንኪያ አከበረች።

ብዙም ሳይቆይ፣ ሐኪሟ ጣፋጭ ከበላች እንደሚደርስባት እንዳስጠነቀቃት፣ ልቧ ይደልቅ፣ ላብ ያጠምቃት ጀመር። «ውይ፣ ሐሞቷ ተነሳባት!» እያሉ ሲንጫጩ እትዬ ተዋበች ደግፈው መኝታ ቤት አስገቧት፤ አጋደሟትና በሩን ዘጉ።

«አይዞሽ፣ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው፤ ያልፋል።»

ከዚያ ቦርሳቸውን ከፍተው በሶፍት የተጠቀለለ፣ ያልተነካ ቁራሽ ኬክ አሳዩዋት።

«ለሌላ ጊዜ እንዲህ ነው የሚደረገው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አንቺ ሐሞት አልሻቸው፤ እኔ ኩላሊት ነው ያልኳቸው።»