የአንድ ሚሊዮን ዘጠኝ አካፋይ

ፒሮሽካ ቁጥሩን የሰጠችው ሐኪሙ «ከእንግዲህ የቀናት ጉዳይ ነው» ብሎ ከሆስፒታል ክፍሏ በወጣበት ከሰዓት ነበር።

«አንድ ሚሊዮን ዘጠኝ» አለችው ባሏን ዴዦን። «ሲያዩት ብቸኛ ቁጥር ይመስላል፤ ግን አይደለም። ከአንድና ከራሱ ሌላ ያለ ቀሪ የሚያካፍለው አለ። ፈልገህ አምጣልኝ። ሳልሰማ አልሄድም።»

ሁለቱም ዕድሜያቸውን ሙሉ በሴጌድ ከተማ ሒሳብ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ፒሮሽካ የተጀመረ ጥያቄ ሳይፈታ ከክፍል ወጥታ አታውቅም። ቃሏ ቃል ነው።

በማግስቱ ዴዦ ወረቀትና እርሳስ ይዞ መጣ።

«እህስ?»

«ገና ነው።»

«በሰባት ሞከርከው?»

«ሦስት ይተርፋል።»

«በአሥራ ሦስትስ?»

«አሥር።»

«ሰነፍ! ድሮም ማካፈል ላይ ደካማ ነበርክ።» ሳቀች፤ ሳቋ ሳል ሆነባት።

ቀናት የተባለው ሳምንታት ሆነ። ሐኪሞቹ ተገረሙ። ሕመሙ ግን ጨከነ፤ ማስታገሻውም ሊያስታግሰው አልቻለም። ፒሮሽካ አንሶላዋን ነክሳ ትጠብቃለች። በሩ በተከፈተ ቁጥር ዓይኗን ትገልጣለች። ዴዦ ራሱን ይወዘውዛል።

ልጃቸው ኤሞኬ ኮሪደር ላይ ያዘችው።

«አባዬ፣ በናትህ! ስልኬ በአንድ አፍታ ያወጣዋል።»

«እንዳትነኪው!» ስልኩን ከእጇ ላይ መታው።

«ኩራትህ ነው! ከሺህ በታች ያሉትን መሞከር አይደል እንዴ? ተማሪዎችህ እንኳ ይሠሩታል። አርጅተሃል፣ እመነው! እሷ እኮ አንተን ስትጠብቅ ነው እንዲህ የምትሰቃየው!»

ዴዦ ፊቱን አዞረ። ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ አለቀሰ።

የዚያን ዕለት የምትወደውን ቀይ የዓሣ ሾርባ አመጣላት። አንዲት ማንኪያ እንኳ መዋጥ አቃታት።

«ዴዦ» አለችው፤ ድምፅዋ በቅጡ አይሰማም። «ደከመኝ እኮ።»

እጇን ያዘ።

«ሁለት መቶ ዘጠና ሦስት» አላት።

«በስንት ሲባዛ?»

«በሦስት ሺህ አራት መቶ አሥራ ሦስት።»

«ጎበዝ» አለች። ፊቷ ፈታ አለ። ሳይመሽ አረፈች።

ኤሞኬ አባቷ ትከሻ ላይ ተደፍታ አነባች።

«ይቅር በለኝ፣ አባዬ። ለፍተህ ለፍተህ በመጨረሻ አገኘህላት።»

ያገኘውስ በመጀመሪያው ቀን፣ ወደ ቤት በሚመልሰው የከተማ ባቡር ላይ ነበር።