አማቴና ባለ ማዕዘኑ መሳያ

«ቆይ! ከቀኝ ጀምር!» አሉ አማቴ፤ እጄ መሳያው ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ።

የሞተር መጋዜን ሰንሰለት አስሬ፣ የመጀመሪያውን ጥርስ ከሚሽከረከረው ድንጋይ ላስጠጋ ስል ነበር። የሰንሰለት ጥርስ አንዱ ወደ ቀኝ፣ ቀጣዩ ወደ ግራ ያያል። የአንዱን ወገን ትጨርስና ወደ ሌላው ትዞራለህ፤ ከየትኛውም ብትጀምር ለውጥ የለውም። ግን አባባ ወልደ አማኑኤል ከቀኝ ካሉ ከቀኝ ነው።

ነገሩ ጨዋታ አይደለም። ከዘመሮ ከተማ በላይ ያለው የአባባ ባሕር ዛፍ ሊቆረጥ ነው፤ ቆራጩ ወይ እኔ ነኝ ወይ ዓምደ ሚካኤል። ዛሬ ግቢያቸው ውስጥ ከተጋደመው ግንድ አንድ መቀመጫ ቆርጬ ላሳያቸው ነው። «ተቀምጬበት ካልተንገዳገድኩ ሥራው ያንተ። ከተንገዳገድኩ የዓምደ ሚካኤል። ልጄን ሰጠሁህ ማለት ዛፌን ሰጠሁህ ማለት አይደለም» ብለውኛል። ዓምደ ሚካኤልም ይህን ሰምቶ መጋዙን አጠገቡ አድርጎ ካቡ ላይ ተቀምጧል፤ የገብስ ቆሎውን ይቆረጥማል። ምነው ጥርሱን በሰበረው!

መሳያውን ስገዛ የመሐል ሜዳው ነጋዴ ዓብዱልቃድር ለምኖኝ ነበር። «ይሥሐቅ፣ ክቡን መሳያ ውሰድ። ይሄ ባለ ማዕዘኑ የሰንሰለቱን ጥርስ እንደ መሮ ነው የሚያወጣው። ፈጣን ነው፤ ግን አቧራ አይችልም፣ ልክም ይፈልጋል። ቀኝና ግራው እኩል ካልሆነ መጋዙ እየጠመመ ይሄዳል» አለኝ። እውነቱን ነው። ግን ክቡን ዓምደ ሚካኤል ይዞታል። ዓምደ ሚካኤል የያዘውን ከምይዝ ዛፉን በጥርሴ ብገዘግዘው ይሻለኛል!

«ውሃስ?» አሉ አባባ።

«አባባ፣ ይሄ የሚስለው በደረቁ ነው።»

«ድንጋይ በደረቁ ይስላል እንዴ? ስልሳ ዓመት ማጭድ ስስል ውሃ ሳላርከፈክፍ ስዬ አላውቅም። የምሥራች! ውሃ አምጪ!»

«ኧረ በማርያም፣ አይሆንም! መብራት ነው አባባ፣ ይገድለናል!»

ባለቤቴ የምሥራች ጣሳውን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች። የአባቷ ፊት ጠቆረ። አለቀልኝ አልኩ። ለአማት አንድ ጊዜ እምቢ ይባል ይሆናል፤ በአንድ ጠዋት ሁለት ጊዜ ግን አይባልም። እሳቸውም ይህን ሳያውቁ አልቀሩም፤ ወዲያው ተነሡ።

«እንግዲያው እኔ እጄን ላሳርፍበት። ተነሥ።»

እጀታውን ያዙ። የመጀመሪያውን የቀኝ ጥርስ «በስመ አብ» ብለው ገፉት፣ «ወወልድ» ብለው ደገሙት፣ «ወመንፈስ ቅዱስ» ብለው ሠለሱት። ብልጭታው ጋቢያቸው ላይ ይረጫል። በየግፊያው ጥርሱ ያጥራል። እኔ ሰንሰለቱን እየሳብኩ፣ እሳቸው እየባረኩ አሥራ ስምንቱን የቀኝ ጥርስ ጨረስን።

«ይበሉ አባባ፣ አሁን ግራውን እንደዚሁ ሦስት ሦስት ጊዜ» አልኩ።

«ግራውን?» ዞረው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «በግራ ይባረካል እንዴ? አንዳንድ ይበቃዋል።»

አንዳንድ ጊዜ ገፉት፣ ያውም ያለ ስመ አብ። የምሥራችን አየኋት፤ ከንፈሯን ነክሳ ዝም በል አለችኝ በዓይኗ። ዓምደ ሚካኤል ቆሎውን ትቶ በሳቅ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ያውቃል፣ ይሄ እርጉም!

ሰንሰለቱን ገጥሜ ሞተሩን አስነሣሁ። መጋዙ ግንዱ ውስጥ እንደገባ ወደ ግራ ይዞኝ ሄደ። ብመልሰው አይመለስ፣ ብለምነው አይሰማ። ጉማጁ ሲወድቅ አንሥቼ አቆምኩት፤ ላዩ ቁልቁለት ሆኗል።

«ይሄማ መቀመጫ አይደለም፣ ወደ ጀማ ወንዝ መውረጃ ነው!» አለ ዓምደ ሚካኤል። «ፍየልም ያዳልጣታል!»

አፌን ከፈትኩ። «የሳሉት እርስዎ ነዎት» የሚለው ምላሴ ጫፍ ደርሷል። ዋጥኩት፤ ሲወርድ እንዴት እንዳቃጠለኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ዛፉ አመለጠኝ። ክረምት እስኪገባ የዓምደ ሚካኤልን መጋዝ ድምፅ ከቤቴ ሆኜ ልሰማ ነው።

አባባ ወደ መጋዙ ጎንበስ አሉ። የቀኙን ጥርስ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ለኩ። የግራውን ለኩ። እንደገና የቀኙን ለኩ። ለአንድ ትልም ድንበር አሥራ አንድ ዓመት ተሟግተው የረቱ ሰው ናቸው፤ «ተሳስቻለሁ» ሲሉ መንዝ ውስጥ የሰማ የለም። ቀና አሉ፣ ጋቢያቸውን አጣፉ፣ ሄደው ጉማጁ ላይ ተቀመጡ።

ወዲያው ወደ አንድ ወገን አዘነበሉ። ከዘራቸውን ተከሉ፣ እግራቸውን አንፈራጠጡ።

«ቀጥ ያለ ነው» አሉ።

«ኧረ አባባ! ጋቢዎ እኮ ባንድ ወገን መሬት ነካ!» አለ ዓምደ ሚካኤል።

«ጋቢው ነው ጠማማው። ሸማኔውን ጠይቅ» አሉት። «ሰኞ ይሥሐቅ ይጀምራል። አንተ ወደ ቤትህ ሂድ።»

ዓምደ ሚካኤል አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ መቀመጫውን አየ። ኋላ መጋዙን ተሸክሞ ወጣ።

«ሄደ?» አሉኝ አባባ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ በሹክሹክታ። ከዘራቸው ይንቀጠቀጣል።

«ገና ዳገቱን አልጨረሰም። ዞር እያለ ያያል።»

«እንግዲያው ወዲህ ጠጋ በል።»

በሚያዘነብሉበት በኩል ተንበረከኩ። ሙሉ ክብደታቸውን ትከሻዬ ላይ ጣሉት፤ ዓምደ ሚካኤል ከዳገቱ ማዶ እስኪሰወር ድረስ ሁለታችንም ወሬ የያዝን መስለን ቆየን።