የጠበቀው ሹሩባ

ነገ ለጭቃ ሹሙ ልጅ የምትዳረው ብርቄ ከአክስቷ ጉልበት ሥር ተቀምጣ ነበር። ጠጉሯን የተቀባችው የከረመ ቅቤ ግንባሯ ላይ ቀልጦ ወደ አፏ ሲወርድ በእጇ ጀርባ ጠረገችው።

«እትዬ፣ ላላ ያድርጉልኝ።»

«ጠጉርሽን ቡዳ ጀምሮታል፤ ካላጠበቅሁት የቀረውም ይሄዳል። የጋይንት ሴት ለሹሩባ አትጮህም!» አሉ አክስቷ፤ ጎተቱም። ከጆሮዋ በላይ አንዱ ጉንጉን ከነሥሩ ተነቅሎ መጣ። ቆዳው እንደተነጨ ዶሮ ቀላ። አክስቷ እንትፍ ብለው ጉንጉኑን በቅቤ መልሰው ለጠፉት።

ብርቄ ዞረች። የአክስቷ ሻሽ ተንሸራቶ፣ ከጆሯቸው በላይ ቆዳቸው እንደ ቅል ያብረቀርቅ ነበር።

«የእርስዎንም ቡዳ ነው የበላው?»

«የእናቴንም» አሉ፣ ደግመው እየጎተቱ።

ብርቄ ራሷን ከእጃቸው ነጥቃ ሹሩባውን መፍታት ጀመረች።

«ኧረ አንቺ ልጅ! አማቶችሽ ጨብራራ ይሉሻል!»

«ይበሉኝ፤ ጨብራራ ለመባልም ጠጉር ያስፈልጋል።»